የ7 በመቶው የቁጠባ ወለድ፦ በሕግ ከፍ ይበል ወይስ ለገበያ ይተው?

አወያይ፦
የዛሬው የመከራከሪያ ጥያቄ ይህ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብርን የምንዛሪ ዋጋ በ15 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ፣ ባንኮች ለቁጠባ ሂሳብ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ወርዷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቅቋል፤ በዚያው ወር ብሔራዊ ባንኩ 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ ተመን (ከባንኮች ጋር ለሚያደርገው የገንዘብ ግብይት መነሻ የሚሆን ወለድ) ይፋ አድርጓል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ግን በ7 በመቶ ላይ እንዳለ 2017 ዓ.ም. አልፏል። ይህ ወለድ ከዋጋ ንረት በላይ እንዲሆን በሕግ ይገደድ ወይስ ባንኮችና ደንበኞች እንደ ገበያው ይስማሙበት? እያንዳንዱ ተከራካሪ የሥራ ዘርፉን ወይም የሚኖርበትን ስፍራ ስም አድርጎ ይጻፍ።

ደመወዝተኛው፦
ይገደድ ከሚሉት ወገን ነኝ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 100,000 ብር በቁጠባ ሂሳብ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 7,000 ብር ወለድ ይታሰብለታል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ሲቀነስ በሂሳቡ የሚገኘው 106,650 ብር ነው። የዓመቱን የዋጋ ጭማሪ ዝቅ አድርገን 30 በመቶ ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ይህ ገንዘብ የሚገዛው ከዓመት በፊት 82,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ነጋዴ ከስሮ ባደረበት ዓመት የትርፍ ግብር አይጠየቅም ነበር፤ ቆጣቢው ግን ገንዘቡ እየቀለለ ሳለ «አተረፍክ» ተብሎ ግብር ተቆርጦበታል። መንግሥት ሕዝቡን ቆጥብ እያለ ሲመክር የሚቆጥብበትን ዕቃ ቀዳዳ ማድረግ የለበትም።

የቅርንጫፍ ሰው፦
የደመወዝተኛው ስሌት ትክክል ነው፤ ከስሌቱ የተነሣው መደምደሚያ ግን አይከተልም። በዚያው ዓመት ባንኮች ያበድሩበት የነበረው ወለድ በአብዛኛው ከ12 እስከ 19 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ነበር። ለቆጣቢው ከዋጋ ንረት በላይ፣ ማለትም 35 በመቶ ይከፈል ቢባል፣ ባንኩ ከ40 በመቶ በላይ ማበደር ሊኖርበት ነው። በዚያ ወለድ ተበድሮ ወፍጮ የሚተክል፣ ላም የሚያረባ ወይም ልብስ ሰፍቶ የሚሸጥ ማን ነው? የሚበደረው ዕቃ ደብቆ ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቅ ብቻ ይሆናል።

በተጨማሪም የባንኮች ሀብት የት እንደ ነበረ መረሳት የለበትም። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ በሚያህል መጠን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ሰነዱ በአብዛኛው ዘመኑ ይከፍል የነበረው ወለድ 3 በመቶ ብቻ ሲሆን ባንኮቹ በበኩላቸው ለአስቀማጩ 5 በመቶ ይከፍሉ ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ለመንግሥት ልማት ድርጅቶች ያበደረው ገንዘብ በወቅቱ ሳይመለስ ቀርቶ፣ በመጨረሻ መንግሥት እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ እንዲያወጣለት ሕግ አስፈልጓል። ያ ገንዘብ ከየት መጣ ቢባል ከሚሊዮኖች የቁጠባ ደብተር ነው። ግድቡም፣ የስኳር ፋብሪካውም፣ የባቡር ሐዲዱም በከፊል የቆሙት በርካሽ ተቀማጭ ገንዘብ ላይ ነው። ይህን የምለው ለመኮነን አይደለም፤ ወለዱ ዝቅ ያለው ባንኮች ስለሰሰቱ ብቻ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

ከመርካቶ፦
ሁለቱም ወንድሞቼ ሰው በወለድ ተስቦ የሚቆጥብ አድርገው ያስባሉ። እኔ ባለሁበት ገበያ ትልቁ ቁጠባ እቁብ ነው፤ እቁብ ደግሞ ወለድ የለውም። ሰው እቁብ የሚገባው ዳኛውና ጸሐፊው ስለሚጠይቁት፣ ዋስ ስለ ጠራበትና ባይከፍል ስለሚያፍር ነው። በባንክ ያለ ገንዘብ የዘመድ ችግር በመጣ ቁጥር ይወጣል፤ የእቁብ ገንዘብ ግን «ዕጣዬ አልወጣም» ብሎ መልስ ለመስጠት ያመቻል።

ሆኖም እቁብ ውስጥ ወለድ የለም ማለት የገንዘብ ዋጋ የለም ማለት አይደለም፤ ዕጣ ይሸጣልና። 10 ሰዎች በየወሩ 10,000 ብር የሚጥሉበትን እቁብ እናስብ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ባይቸኩል፣ የመጨረሻውን ለሚጠብቅ ነገር ግን ዛሬ ዕቃ ማስገባት ለሚፈልግ አባል ዕጣውን በ8,000 ብር ቢለቅለት፣ ገዢው ዛሬ 92,000 ብር ወስዶ ከ9 ወር በኋላ 100,000 ብር ተወ ማለት ነው። በዓመት ሲሰላ ወደ 11.6 በመቶ ይጠጋል። ይህን ተመን የሚወስነው የሁለት ሰዎች ስምምነት ነው። ዋጋ ሲወደድና የዕቃ እጥረት ሲኖር የዕጣ መሸጫው ይጨምራል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። የባንኩ 7 በመቶ ግን ክረምት ከበጋ አንድ ነው።

የምጣኔ ሀብት መምህር፦
ከመርካቶ የጻፉት ጥያቄውን በትክክለኛ ቦታው አስቀምጠውልናል። ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው፤ አንደኛው ቤተሰብ ከገቢው ምን ያህል ይቆጥባል የሚለው ሲሆን ሁለተኛው የቆጠበውን በምን መልክ ያኖራል የሚለው ነው። ወለድ የመጀመሪያውን ብዙም አይነቀንቅም። ገቢው ከጤፍና ከቤት ኪራይ የማያልፍ ሰው ወለዱ 7 ሆነ 17 የሚቆጥበው የለውም። ለልጁ ትምህርት ወይም ለሠርግ የተወሰነ ገንዘብ ለማጠራቀም ያሰበ ሰው ደግሞ ወለዱ ቢጨምርለት እንዲያውም ያነሰ ቢቆጥብ ያሰበው ይሞላለታል። ሁለተኛውን ግን ወለድ በእጅጉ ይወስናል። ቤተሰቡ ጥሪቱን በባንክ፣ በወርቅ፣ በብሎኬትና በቆርቆሮ፣ በከብት ወይም በዶላር ያኖር ዘንድ የሚመርጠው የእነዚህን ሁሉ ዋጋ አነጻጽሮ ነው።

ደቡብ ኮሪያ በ1965 እ.ኤ.አ. የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ ከፍተኛ ወለድን ከ15 ወደ 30 በመቶ ከፍ ስታደርግ የባንኮች ተቀማጭ በፍጥነት አደገ። ብዙዎች ይህን ወለድ ቁጠባን እንደሚፈጥር ማስረጃ አድርገው ያቀርባሉ። ነገር ግን ካደገው ተቀማጭ ጥቂት የማይባለው ቀድሞውንም በአራጣ አበዳሪዎች እጅ ይዘዋወር የነበረ ገንዘብ ነው የሚል ጠንካራ ክርክር አለ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ለአገር ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ በብሎኬት መልክ የቆመ ጥሪት ለሌላ ሰው ብድር አይሆንምና።

በሕግ ማስገደድን በተመለከተ ግን የኬንያን ልምድ አስታውሳለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የብድር ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ ተመን ከ4 የመቶኛ ነጥብ በላይ እንዳይርቅ ገደበ፤ ለተቀማጭም ቢያንስ የዚያኑ ተመን 70 በመቶ እንዲከፈል አዘዘ። ባንኮቹ ፊታቸውን ወደ መንግሥት ሰነድ አዞሩ፤ ትንንሽ ነጋዴዎች ብድር አጡ፤ ሕጉም ከ3 ዓመት በኋላ ተሻረ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች ይህን ስሌት በየወሩ እንሠራዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲከፈት አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር በላይ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት ለወላጆቼ ቤት ማሠሪያ ብዬ በብር ያስቀመጥሁት ቢኖር በዶላር ሲታይ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። እንግዲህ 7 በመቶ ይሁን 10 በመቶ፣ እንዲህ ያለውን ዝላይ የሚክስ ወለድ የለም። የአገር ቤት ዘመዶቻችን «ገንዘቡን ከምታስቀምጡት ሲሚንቶ ይገዛበት» ሲሉን ስለ ወለድ ሳይማሩ ከእኛ የተሻለ ገብቷቸዋል። ለእኔ ዋናው ጉዳይ የዋጋ ንረቱን ማውረድ ነው።

አቡ ሐናን፦
በዚህ ክርክር ውስጥ የተዘነጋ ትልቅ የቆጣቢ ክፍል አለ። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይወስድ ሙስሊም ዝቅተኛው ወለድ፣ ማለትም ወለሉ፣ 7 ቢሆን 20 አይመለከተውም። በወዲዓ ሂሳብ ያስቀመጠው ገንዘብ ያለ ጭማሪ ይመለስለታል፤ ትርፍ የሚጋራበት ሙዳራባም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ክፍያ የለውም። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሥራ ከመጀመራቸው አስቀድሞም በሌሎች ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮቶች ብዙ ገንዘብ ይቀመጥ ነበር። ይህ ገንዘብ ለባንኩ ከሁሉም የረከሰ ነው። ስለዚህ የቁጠባን ፍትሕ በወለድ ተመን ብቻ የሚለካ ሕግ እኛን ከሕጉ ውጭ ያስቀረናል። በዚህ ረገድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከጻፉት ወንድሜ ጋር እስማማለሁ፤ ለሁሉም እኩል የሚደርሰው ጥበቃ የዋጋ መረጋጋት ነው።

ደመወዝተኛው፦
የዋጋ መረጋጋትን ማን ይጠላል? በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ14 በመቶ በታች ወርዷል፤ መልካም ነው። ሆኖም 7 በመቶ አሁንም ከግማሹ ብዙም አይርቅም። የምጣኔ ሀብት መምህሩን ደግሞ በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። 7 በመቶ የሚከፈለው ለማን ነው? ወለሉ ዝቅተኛ መጠን እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ባንኮች ከዚያ በላይ እንዳይከፍሉ የሚከለክላቸው የለም። ብዙ ሚሊዮን ብር በጊዜ ገደብ የሚያስቀምጥ ድርጅት ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተደራድሮ ከዚህ እጅግ የራቀ ወለድ ያገኛል። እኔ በ40,000 ብር ልደራደር ብገባ ወረፋ እንዳልይዝ ነው የሚነገረኝ። ስለዚህ ወለሉ ለትንሹ ቆጣቢ ጣሪያ ሆኖበታል፤ ለትልቁ ግን መነሻ ነው።

ባንኮች ትርፍ ገንዘባቸውን ለአንድ ሌሊት በብሔራዊ ባንክ ሲያስቀምጡ የሚያገኙት ከፖሊሲ ተመኑ 3 ነጥብ ያነሰ፣ ማለትም 12 በመቶ ነው። የእኔን ብር በ7 ተቀብሎ ምንም ሳይደክም በ12 ማሳደር የሚቻል ከሆነ፣ «ተበዳሪው ይጎዳል» የሚለው መከራከሪያ ለ2014 ዓ.ም. ይሠራ ይሆናል እንጂ ለዛሬ አይሠራም።

የቅርንጫፍ ሰው፦
ስለ ድርድሩ የተባለው እውነት ነው፤ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነው። አንድ ትልቅ አስቀማጭ ሂሳቡን ወደ ጎረቤት ባንክ ቢያዞር የቅርንጫፉ የዓመት ዕቅድ ይናጋል፤ ስለዚህ የፈለገውን ያገኛል። በ12 በመቶ ማሳደሩ ግን የተባለውን ያህል አይደለም። ባንኮች በአብዛኛው የጥሬ ገንዘብ እጥረት እንጂ ትርፍ የለባቸውም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጣለው የብድር ዕድገት ገደብም ቢሆን ይህን እጥረት ከሁሉም ባንክ ላይ አላነሣም። ደግሞም 40,000 ብር ያለው ሂሳብ በወር ብዙ ጊዜ ይገባበታል፣ ይወጣበታል፤ ወጪው ካንድ ትልቅ ተቀማጭ ይበልጣል።

የምጣኔ ሀብት መምህር፦
ለደመወዝተኛው ጥያቄ መልሴ፣ አጠቃላይ ወለሉን ከፍ ማድረግ ትልቁንም ትንሹንም አብሮ ያነሣል፤ ወጪው ለባንኩ ይበዛል፤ ዞሮም ተበዳሪው ላይ ይወድቃል የሚል ነው። የተሻለው ወለሉን ለሁለት መክፈል ይመስለኛል። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል። እስከዚህ መጠን ላለው ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ከፖሊሲ ተመኑ ጋር ታስሮ፣ ለምሳሌ 4 ነጥብ ዝቅ ብሎ፣ አብሮት ይውጣ፣ ይውረድ፤ ከዚያ በላይ ያለው ለድርድር ይተው። የፖሊሲ ተመኑ 15 በሆነበት ጊዜ ትንሹ ቆጣቢ 11 በመቶ ያገኛል ማለት ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው እቁብ ዕጣ ገዢው ከሚከፍለው ጋር ተቀራራቢ መሆኑ አጋጣሚ ቢሆንም ደስ ይለኛል። ከወለድ ነፃ ለሚያስቀምጡት ደግሞ ባንኩ ከዚህ መጠን ጋር ሊነጻጸር የሚችለውን የትርፍ ድርሻ በየሩብ ዓመቱ እንዲያሳውቅ ማድረግ ይቻላል።

ከመርካቶ፦
አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ከተሰመረ በማግስቱ ሰው 1 ሚሊዮን ብሩን በሚስቱ፣ በልጆቹና በእህቱ ስም 10 ቦታ ይከፋፍለዋል። እኔም አደርገዋለሁ።

የቅርንጫፍ ሰው፦
ሂሳብ መክፈት በፋይዳ ቁጥር እየሆነ ስለመጣ አንድ ሰው በአንድ ባንክ ውስጥ 10 ሂሳብ ቢከፍት ባንኩ ያውቀዋል። በ10 ባንኮች ቢከፋፍለው ግን አንዱ ባንክ የሌላውን አያይም።

ደመወዝተኛው፦
ይከፋፍሉት። በ10 ባንኮች መቶ መቶ ሺህ ያስቀመጠ ሰው ያለው 1 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከባንክ ባለቤቶች ጋር ተደራድሮ የሚያውቅ ሰው አይደለም። የመድን ፈንዱም ቢሆን ዋስትናውን የሚቆጥረው በየባንኩ ለየብቻ ነው፤ በዚያ ላይ አላግባብ ተጠቀሙ ብሎ የሚከሳቸው የለም። በሚስትና በልጅ ስም የተከፋፈለው ገንዘብ ደግሞ ከብሎኬትና ከዶላር ይልቅ ባንክ ውስጥ ከቆየ፣ መምህሩ የጠየቁት የቁጠባ መልክ ተለውጧል ማለት ነው።