ከታይፎይድ በኋላ ላልጠና ሆድ የቻይና መድኃኒት እንዴት ይፈላል?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነው። እናቴ 62 ዓመቷ ነው። የታይፎይድ መድኃኒቷን ጨርሳ ትኩሳቱ ለቋታል፤ ግን ሆዷ ይነፋል፣ ሰገራዋ አልጠና አለ፣ የምግብ ፍላጎቷም አልተመለሰም። ኮምቦልቻ የሚሠሩ ቻይናዎች «ሲ ጁን ዚ ታንግ» የሚባል አራት ዓይነት ደረቅ መድኃኒት ሰጡን። ስንት ደቂቃ ይፈላል? የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች፣ አይጋጭም? በሽታ የመከላከል አቅምም ይጨምራል አሉን።

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ። ቀመሩ ከሕመም በኋላ ለደከመ ሆድ ቻይናዎቹ የሚያስቀድሙት ነው። የአንድ ቀን መጠኑ ጂንሰንግ፣ ባይ ጁ (ሁለቱም ሥሮች ናቸው) እና ፉ ሊንግ እያንዳንዳቸው 9 ግራም፣ በማር የታመሰ ሊኮሪስ (ጣፋጭ ሥር) 6 ግራም። በማንኪያ አትለካ፤ ፉ ሊንግ (ነጩ፣ በፓይን ዛፍ ሥር ላይ የሚበቅለው ፈንገስ) ቀላል ስለሆነ ያሳስታል። ወርቅ ቤት ሚዛን አለ።

ሸክላ ወይም የማይዝግ ድስት ይሁን፤ አሉሚኒየምና ተራ ብረት ይቅር። ቡና የለመደ ጀበናም ሽታውን ይሰጠዋል። ከመድኃኒቱ ሁለት ጣት በሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው። ሲፈላ እሳቱን ቀንሰህ ገርበብ አድርገህ ክደነውና 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ 10 ደቂቃ ጨምርበት። አጥልለህ በዚያው መድኃኒት ላይ አዲስ ውኃ ጨምርና 25 ደቂቃ ድገመው። ሁለቱን ደባልቀህ ግማሹ ጧት፣ ግማሹ ማታ፣ ለብ እንዳለ ከምግብ በፊት። ካረረ ውኃ አትጨምርበት፣ ድፋው።

ሐይቅ ዳር፦
አፈላሉ ልክ ነው፤ ግን ግፊት ላለባት ሰው ሊኮሪሱ አይሆንም። ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ ፖታሲየም ያስወጣል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ኪኒኗ ምንድን ነው? ጂንሰንግም ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል፤ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ደግሞ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል።

የመከላከል አቅምን በተመለከተ ለዚያ የሚጨመረው ሁዋንግ ቺ የተባለ ሌላ የቻይና ሥር ነው፤ እዚህ ቀመር ውስጥ የለም። የሚባልለት አብዛኛው ነገር ከላቦራቶሪና ከእንስሳት ሙከራ የተገኘ ነው። ታይፎይድ እንዳያገረሽ ያደርጋል ብለህ አትመን።

የጦሳ ሥር፦
ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
እንግዲያውስ አደራህን። እሱም ፖታሲየም ያስወጣል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ኪኒኑን እንዳታስቆማት። መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ለሐኪሟ ወይም ለፋርማሲስት አሳይ፤ እስከዚያ አይጀመር። ስም ያልተጻፈበት ከሆነ ጭራሹን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ አንዱ የቻይና ሥር በሌላ ተተክቶ የብዙ ሰው ኩላሊት ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

ወረኢሉ፦
ከሁሉ በፊት ሰገራዋ ይመርመር። ጃርዲያም ልክ እንደዚህ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ ይህ ቀመር ደግሞ ጃርዲያ አይገድልም። ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ሰገራዋ ደም ካለው ወይም ከጠቆረ፣ ሆዷ ጠንክሮ ከባድ ሕመም ከያዛት ግን ምርመራ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሳት፤ ታይፎይድ አንጀት ሊበሳ ይችላል።

እስከዚያው በርበሬና ቅቤ ቀንሱላት። ቀጭን የአጃ አጥሚት ወይም በደንብ የበሰለ ሩዝ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ተቅማጡ ከበዛ ኦአርኤስ፣ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ተበጥብጦ፤ ያደረውን ድፉት።