የኡቡንቱ ቡት ሞልቶ አፕት አልሠራ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የላፕቶፔ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ 22.04 አፕዴት እያደረገ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ለስሙ ብቻ ስለሆነ ወዲያው ድርግም አለ። አሁን ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በአፕት፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በሚያወርደውና በሚያድሰው መሣሪያ፣ ሱዶ አፕት አፕግሬድ ስል ዲፒኬጂ (አፕት ያወረደውን የሚጭነው) ተቋርጧል ይልና መፍትሔውን ራሱ ይነግረኛል፦ ሱዶ ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር፣ ከዚያ ሰረዝ ኤ። እሺ ብዬ ስሰጠው ደግሞ አዲሱ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ሲደርስ ቦታ የለም ብሎ ቀጥ። የዲስክ ቦታን በሚያሳየው ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ሳየው ቡት (ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ክፍል) 100 በመቶ ሞልቷል። ዋናው ዲስክ ግን ግማሹ ባዶ! የማያስፈልጉትን የሚያጠፋው የአፕት ትእዛዝ ኦቶሪሙቭም መጀመሪያ የተቋረጠውን ጨርስ ይለኛል።

የምጠቀምበትን ከርነል በዩኔም ሰረዝ አር አይቻለሁ፤ እሱን አልነካም። የአንዱን አሮጌ ከርነል ኢኒትአርዲ ፋይል (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከከርነሉ ጋር የሚጫነውን) በአርኤም ትእዛዝ ላጥፋው ወይስ ወደ ሆም፣ ወደ ራሴ ፎልደር፣ ላዛውረው? ኦቶሪሙቭ በኋላ አያኮርፍም? የሞከረ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እስከዚያው ሪስታርት አላደርግም።