የእህቴ ልጅ 17 ነው፣ መታወቂያው ግን 19 ይላል

የዘጌ ጀልበኛ፦
ሰላም ወገኖች። ከዘጌ ባሕር ዳር ሰውና ቡና የማመላልስ ጀልበኛ ነኝ። የእህቴን ልጅ ጥር 2017 ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር «የሱቅ ቁልፍ ሰብራችሁ ስልክ ወሰዳችሁ» ብለው ያዙት። አድርጎት ይሆናል፣ አልምልለትም። የኔ ጭንቀት ዕድሜው ነው። ፖሊስ መታወቂያውን አይቶ 19 ብሎ ጻፈ፤ የሚያድረውም ከጎልማሶቹ ጋር ነው።

መታወቂያው ውሸት ነው፣ ውሸቱም የኔ። አምና ጭነት ላይ ልቀጠር ሲል 18 ያልሞላው አንፈልግም አሉት። አብሬው ቀበሌ ሄጄ በ1998 ነው የተወለደው አልኩ። ቁመቱ ሸንበቆ ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረ።

እናቱ ግን በሚሊኒየሙ ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ጠላ ጠምቃ፣ በዋዜማው ነው የወለደችው። ክርስትና የተነሣው የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት። የልደት ወረቀት የለውም፣ ያኔ በእኛ አገር ማን ያወጣ ነበር! «ከ18 በታች ከሆነ ይለቀቃል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው? ነገሩ ተጓቶ ኅዳር ቢደርስ ደግሞ 18 ሊሞላው ነው።

የሽምብጥ ጠበቃ፦
ወንድሜ፣ ይለቀቃል ያለህ አሳስቶሃል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በወንጀል የማይጠየቀው 9 ዓመት ያልሞላው ነው። ከ9 እስከ 15 ላለው እንደ ተግሣጽና ጠባይ ማረሚያ ያሉ ልዩ እርምጃዎች አሉ። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ግን በአንቀጽ 56 ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ወይም በነዚያ እርምጃዎች ሊያልፈው ይችላል። «ይችላል» ነው እንግዲህ። ከባድ ስርቆት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጣ ይህቺ «ይችላል» ቀላል አይደለችም።

ኅዳር አያስጨንቅህ፤ የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። ከአዋቂዎች ተለይቶ መያዙ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነውና፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ በቃልም ቢሆን «ዕድሜው ይጣራ፣ እስከዚያው ለብቻው ይያዝ» በሉ።

አንድ ነገር ልብ በል። ከኅዳር 11 እስከ ታኅሣሥ 20 በጣትህ ቁጠር። ልክ 40 ቀን ነው፣ ወንድ ልጅ የሚጠመቅበት። እህትህ ፈጥራ ብታወራ እንዲህ አይገጥምላትም ነበር። ዳኛ ፊት ስትቀርብ ሁለቱንም በዓል ትጥራ።

አሁን ሮጣችሁ የልደት ምስክር ወረቀት እንዳታወጡ። ከተያዘ በኋላ የተጻፈ ወረቀት ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። አንተም ቀበሌ ያልከውን ለጠበቃው ሳትደብቅ ንገረው፤ ራስህንም ሊያስጠይቅ ስለሚችል ዝም ብለህ ችሎት ላይ አትዘርግፈው።

ራጅ ክፍል፦
ፍርድ ቤቱ ለዕድሜ ምርመራ ሊልከው ይችላል። የእጅ አንጓው ራጅ ይነሣል፣ ጥርሱም ይታያል። እውነቱን ልንገርህ፣ 17ን ከ19 ለመለየት ራጅ ደካማ ነው። አጥንቱ ቀድሞ የገጠመ 17 ዓመት አለ፣ ያልገጠመ 19ም አለ፤ ሁለት ዓመት ያህል ወዲህ ወዲያ ማለት የተለመደ ነው። የሐኪሙ ጽሑፍ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ከመጣ ጠበቃው «ስንት ወዲህ፣ ስንት ወዲያ?» ብሎ ይጠይቅ።

የሽምብጥ ጠበቃ፦
ጥሩ አነሣህ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ማብራሪያ በአጥንትና በጥርስ ብቻ አትወስኑ፣ ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን ብሏል። ዳኛውን አያስገድድም፣ ግን ይጠቀሳል።

ጡረተኛ መምህር፦
እኔ ስንቱን ልጅ መዝግቤአለሁ! እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ማዶ ያለውን ጆሮ ከነካ 7 ብዬ እጽፍ ነበር፣ ካልነካ «ለከርሞ ና»። ስለዚህ መዝገብ ላይ ያለውን የትውልድ ቀን ብዙም አትመኑት። አንደኛ ክፍል የገባበት ዓመት ግን አይዋሽም። መቼ ገባ?

የዘጌ ጀልበኛ፦
በ2007 ነው መምህር፣ ጆሮውንም ነክቷል፣ አስታውሳለሁ። የክርስትና አባቱ አርፈዋል፤ ያጠመቁት ቄስ ግን አሉ፣ አሁንም ይቀድሳሉ። ነገ በጠዋቱ ጀልባ እህቴንም እሳቸውንም ይዤ እመጣለሁ። ጠበቃዬ፣ ቄሱ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ ወይስ ጽፈው ቢሰጡኝ ይበቃል?

የሽምብጥ ጠበቃ፦
ራሳቸው ይቅረቡ። የትምህርት ቤቱንም ደብዳቤ አትርሳ፣ ማኅተም ይኑረው።