አደራ የተሰጠኝ ውሻ የጎረቤት ልጅ ነከሰ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ከቶሮንቶ ለጥቂት ወራት መጥቼ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። አጎቴና ባለቤቱ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ ሄደዋል። ቤቱንም ውሻውንም ለእኔ አደራ ሰጥተው ነው የሄዱት። ውሻው ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል።

ትናንት አመሻሽ ላይ የጎረቤት ልጅ ኳሱ ግቢ ገብታበት በሩን ገፍቶ ሲገባ ባቱን ነከሰው። ደምቷል፣ ግን ቁስሉ ትልቅ አይደለም። እናቱ «ምንም አይደል፣ ይድናል» ብላ ቡና ነሰነሰችበት። እንደተቀየመችኝ እንዳላስብ ብላ ነው መሰለኝ። የሰፈሩ ጎረምሶች ደግሞ ውሻውን ዛሬውኑ ካልገደልን ብለዋል። ለአጎቴ ገና አልነገርኩትም። ዕድሜው ገፍቷል፣ በሰው አገር እንዳይደነግጥብኝ ሰጋሁ።

ቶሮንቶ ለጎን ገቢ ብዬ የሰው ውሻ እጠብቅ ነበር። እዚያ ማን ጋ እንደሚደወል አውቃለሁ። እዚህ ከየት ልጀምር?

የእንስሳት ሐኪም፣ እዚያው ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን። የውሻውም የአጎትሽም ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቡናውን አጥባችሁ አውጡት። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ቧንቧው ከሌለ (የእኛን ከተማ ውኃ መቼም ታውቂዋለሽ) አንድ ሰው ከጀሪካን ያንቆርቁር፣ ሌላው ይጠብ። የልብስ ሳሙናም ይሆናል። ሰዓት እያያችሁ ይሁን፤ ልጅ ሲያለቅስ 2 ደቂቃ እንደ ግማሽ ሰዓት ይረዝማል። ሳሙና የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ሽፋን ያፈርሰዋል። ይህን እጥበት ሰው ይንቀዋል እንጂ ከክትባቱ ቀጥሎ የሚያድነው እሱ ነው። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል አድርጉበት። ቡናም በርበሬም ቅጠልም አይነስነስበት። ለመስፋትም አይቸኮልም።

ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና። ቁስሉ ትንሽ መሆኑ አያስተማምንም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ጥርሱ ቆዳውን በስቶ ካደማ፣ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከሦስቱ የተጋላጭነት ደረጃዎች ከባዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ደግነቱ ቫይረሱ አዝጋሚ ነው። በነርቭ በኩል ተጉዞ አንጎል እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። ክትባቱ የሚቀድመው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት አለፈ ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ ነገ እወስደዋለሁም አትበዪ።

ክትባቱ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ስለዚህ ባጃጅ ከመጥራትሽ በፊት ስልክ ደውዪ፣ ከሌለም ወዴት እንደሚልኩ ጠይቂ። ከዚህ ከጠፋ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው «ፓስተር» የሚለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ በሽታ የቆየ ልምድ አለው። ሰዎች የሚፈሩት ያን በሆድ ላይ ለብዙ ቀን የሚወጋውን የድሮ ክትባት ነው። ዘመናዊው ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው። በተለመደው አሰጣጥ የመጀመሪያውን ቀን 0 ብለው ይቆጥሩና 0፣ 3፣ 7 እና 14 ላይ ይወጋል፤ 28ኛው ቀን ላይ የሚጨምሩም አሉ። ለደማ ቁስል ደግሞ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን የሚወጋ ሌላ መድኃኒት አለ፣ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ካለ ይሰጠው፣ ውድና ብርቅ ስለሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። የቴታነሱንም አትርሺ።

ጠበል እንውሰደው የሚል ዘመድ መምጣቱ አይቀርም። ከሰው ጋር አትጣዪ። ጠበሉን ይጠመቅ፣ የክትባቱ ቀን ግን አይለፍ።

አሁን ውሻው። አይገደል! እሱ በሕይወት መቆየቱ ለልጁ ይጠቅማል። ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ከነበረ፣ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10ኛው ቀን ደርሶ እየበላ፣ እየጠጣ፣ እንደ ወትሮው እየጮኸ ካየነው፣ ያን ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሐኪሙም የቀረውን ክትባት ሊያቆምለት ይችላል። ጎረምሶቹ ዛሬ ቢገድሉት ግን ይህን የምናውቅበት መንገድ ጠፋ። እስከዚያ ማታም እንዳይለቀቅ። ሌላው ነገር፣ 10 ቀን ጠብቀን እንይ ብሎ ክትባቱን ማዘግየት እኛ አገር አይሠራም። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት።

ከቶሮንቶ

ዶክተር ያሉትን ጨርሺና ለአጎትሽ ዛሬውኑ ደውዪ። ይሉኝታሽ ይገባኛል። ግን የክትባት ካርዱ የት እንዳለ፣ ውሻው ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ እንደሆነ፣ ሰሞኑን ከሌላ ውሻ ጋር ተጣልቶ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከጎረቤት በስልክ ሲሰማው ይሻላል ብለሽ ነው?

እዚህ እኮ ነገሩ ከእጅሽ ይወጣል፣ ታውቂዋለሽ። ኦንታሪዮ ውስጥ የተነከሰ ሰው ሐኪም ጋ ከሄደ ሐኪሙ ለአካባቢው የጤና ቢሮ ያሳውቃል፣ ውሻው ለ10 ቀን ከሰው ተለይቶ ይጠበቃል። በኃላፊነት በኩል ደግሞ የኦንታሪዮ ሕግ ውሻውን ይዞ የሚያስተዳድረውንም ሰው ከባለቤት ይደምረዋል። ለጎን ገቢ ውሻ የምትጠብቁ ልጆች ይህን ልብ በሉ። «የእኔ ውሻ አይደለም» ማለት ብቻውን አያድንም። እኔ ያለ ክትባት ካርድና ያለ ኢንሹራንስ ጥያቄ የማንንም ውሻ መቀበል ትቻለሁ፣ የቅርብ ጓደኛዬንም ጭምር።

ከአዲስ አበባ፣ ጠበቃ

በእኛም ብዙ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር እንስሳውን በእጁ ስለያዘ ሰው ይናገራል። ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር ግን አይታየኝም። እንዲህ ያለውን በጎረቤት መካከል ሽማግሌ ይጨርሰዋል። አንድ ነገር ብቻ፣ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ልጁ የመጀመሪያውን መርፌ ከተወጋ በኋላ ይሁን። «እስኪ መጀመሪያ እንነጋገር» እየተባለ ቀን ሲያልፍ አይቻለሁ። የሕክምናውን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ።

ከመሐል ሜዳ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ መንዝ የውሻ ክትባት ሲነሣ ጓሳን፣ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ የሆነውን ጥብቅ ሥፍራ፣ ነው የምናስበው። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት አንዱ ከቤት ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። በዓለም ላይ የቀሩት እኮ 500 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ከውጭ የምትመጡ ሰዎች፣ የቤተሰባችሁን ውሻ በየዓመቱ አስከትቡልን። ለግቢያችሁ ብቻ አይደለም።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁስሉን በጀሪካን አጠብነው፣ የመጀመሪያውንም ክትባት ተወግቷል። መርፌው ክንዱ ላይ ሆኖ ሲያይ ከእኔ በላይ የተደነቀው እሱ ነው፤ ጓደኞቹ ሆድህ ላይ ነው ብለው አስፈራርተውት ነበር።

ለአጎቴም ደወልኩ። አልተቆጣም፣ «ለምን ማታውኑ አልነገርሽኝም» አለ እንጂ። ካርዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፣ አገኘሁት። ግን የመጨረሻው ክትባት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ይሠራል?

ሌላው፣ የልጁ እናት ገንዘብ አልቀበልም ብላለች። ስሰጣት ፊቷ ጠቆረ።

የእንስሳት ሐኪም

ጊዜው ያለፈበት ካርድ አይታመንም። ካርድ ቢኖረውም ባይኖረውም ለልጁ የታዘዘለትን ሐኪሙ ሳይል እንዳታቋርጡ። ውሻውን ደግሞ አሁን አንከትበውም። ክትባት ሰጥተነው ቢያተኩሰው ከበሽታው ይሁን ከመርፌው መለየት ያስቸግረናል። 10ሩ ቀን ይለቅና አምጪው።

ገንዘቡን በእጇ አትስጪያት፣ እሷ ጎረቤትነቱን የሸጠች እንዳይመስላት ነው። ለካርዱና ለመድኃኒቱ እዚያው ገንዘብ ያዥ ጋ ክፈዪ። በክትባቱ ቀናት ባጃጁን አንቺ ይዘሽ በር ላይ ቁሚ። አብረሽ ስትሄጂ እምቢ አትልም። ቀኑ እንዳይረሳም ይጠቅማል፤ ሰው ክትባት የሚያቋርጠው ቁስሉ ሲደርቅ ነው።

ጎረምሶቹን ደግሞ ሥራ ስጫቸው። ውሻው ከግቢ እንዳይወጣ፣ ልጅም እንዳይገባ እነሱ ይጠብቁ።

ጠያቂ

ሥራ ስሰጣቸው ደስ አላቸው፣ በሩን ተራ ገብተው እየጠበቁ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ውሻውን የምመግበው እኔ ነኝ። ምን ልጠንቀቅ? በ10ሩ ቀን ውስጥ አንድ ነገር ቢሆንስ?

የእንስሳት ሐኪም

አንቺ ብቻ መግቢው፣ ሰው አይቀያየር። ሳህኑን በረጅም እንጨት ገፋ አድርጊለት። እጅሽን አያስልሺው፣ ቁስል ወይም ጭረት ካለብሽ ደግሞ አጠገቡም አትድረሺ። ሰንሰለቱ አርጅቶ እንደሆነ እዪው።

በየቀኑ ጠዋትና ማታ ልብ ብለሽ ተመልከቺው። ምግብ ትቶ እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ ከሆነ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ የኋላ እግሩን ከጎተተ ወዲያው ደውዪልኝ። ሰው ሁሌ የሚጠብቀው የሚያብደውን ነው። አንዳንዱ ግን ጭራሽ ዝም ይላል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል። አጥንት አንቆት ይሆናል ብለሽ እጅሽን አፉ ውስጥ እንዳታስገቢ።

ከሞተ አትቅበሪው። ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱን ማንም እንዳይመታው። በባዶ እጅ ሳትነኪው ደውዪ፣ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ። ለልጁ ሐኪምም ያኑ ሰዓት ንገሪ።