ለወታደራዊ መረጃ ሥራ ቋንቋ ማስተማር ይሻላል ወይስ ቋንቋውን የሚያውቀውን መመልመል?

ከዴንቨር፦ የአሜሪካ መከላከያ ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ በሚገኘው የቋንቋ ተቋሙ ዐረብኛ ወይም ቻይንኛ ፈጽሞ የማያውቅን ወታደር 64 ሳምንት ያስተምራል። ሲመረቅ የሚጠበቅበት የቋንቋ ችሎታ ደረጃ በማድመጥና በማንበብ 2፣ በመናገር 1+ (ከ1 በላይ ሆኖ 2 ያልሞላ) ብቻ ሲሆን፣ መለኪያው ግን እስከ 5 ይደርሳል። በቋንቋው አፉን የፈታ ዜጋ እያለ ይህ ሁሉ ጊዜ ለምን ይባክናል?

ከሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። እዚህ የተወለዱት ልጆቼ ቤት ውስጥ አማርኛ ያወራሉ፤ ዜና ሲነበብ ግን ግማሹ ያመልጣቸዋል። የቤት ቋንቋ የጦር ትእዛዝ አድምጦ ለመረዳት አይበቃም።

ከሲያትል፦ ይህ ጥያቄ ቀድሞ በተግባር ተፈትኗል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1941 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ አገልግሎት ባቆመ የአውሮፕላን ሃንጋር፣ ጃፓንኛ ለማስተማር በምስጢር ሲከፈት፣ ከመጀመሪያዎቹ 60 ተማሪዎች 58ቱ ትውልደ ጃፓን አሜሪካውያን ነበሩ፤ የወላጆቻቸውን ቋንቋ ይዘው ቢመጡም ወታደራዊ ቃላትንና የእጅ ጽሕፈት ማንበብን መማር ግድ ሆነባቸው። በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት ትእዛዝ ትውልደ ጃፓናውያን ከምዕራብ ጠረፍ ተነቅለው በካምፕ ሲታጎሩ፣ ትምህርት ቤቱም ወደ ሚኒሶታ ተዛወረ። ያም ሆኖ በፓስፊክ ጦርነት የጠላትን ሰነድ የተረጎሙትና ምርኮኛ የመረመሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው በአጥር ተከብበው ሳለ ይህን መፈጸማቸውን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይነካል።

ከዴንቨር፦ ቋንቋውን ይዞ በመጣ ሰው ላይ ያለው ጥርጣሬ ዛሬም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 የጸደቀው ማቭኒ የተባለ መርሐ ግብር ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስደተኞች፣ አማርኛ ተናጋሪዎችን ጭምር፣ ለጦሩ ይመለምል ነበር፤ በ2016 ተቋርጦ የተመለመሉትም በደኅንነት ማጣራት ብዙ ጊዜ ተጉላሉ።

ከሜሪላንድ፦ ምስጢር የሚሰማ ሰው መጣራቱ ተገቢ ነው፤ መዘግየቱም ግን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2001 የተጠለፉ ሁለት የዐረብኛ መልእክቶች፣ ነገ የሚሆን ነገር እንዳለ የሚጠቁሙ፣ የተተረጎሙት ከጥቃቱ ማግስት በ12 ነው።

ከሲያትል፦ ሁላችንም የዘነጋነው አካባቢውን ማወቅን ነው። የውጭ አካባቢ ባለሙያ የሚባሉት መኮንኖች ከቋንቋው ሌላ በቀጣናው ኖረው ይሠለጥናሉ፣ ሁለተኛ ዲግሪም ይማራሉ፤ ቀን ከሌት የጆሮ ማዳመጫ ለብሶ የሚሰማው ተራ ወታደር ግን ይህን ያህል ዕድል አያገኝም። ከ64ቱ ሳምንታት አሥሩ እንኳ ቋንቋው በሚነገርበት አገር እንዲያልፉ ብንጠይቅ፣ ወንድሜ ከዴንቨር፣ ይስማማሉ?