ሥራ ሲቀዘቅዝ ቢሮ ውስጥ ቀኑን እንዴት ትገፉታላችሁ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጁኒየር አካውንታንት ነኝ። ከሐምሌ ጀምሮ ሒሳብ ዘግተን ጥቅምት 30 ሳያልፍ ግብር እስክናሳውቅ ቀና ማለት የለም፣ እሁድም የምንገባበት ጊዜ አለ። ኅዳር ሲገባ ግን ጭር ይላል። የደመወዝ ሰሞንና የቫት ዲክላሬሽን ካልሆነ በቀር የዕለቱን ቫውቸር መዝግቤ አራት ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ። ከዚያ እስከ አስራ አንድ ተኩል ሰዓቱ አልሄድ ይለኛል። ስልክ ካየሁ የአለቃዬ ፊት ይቀየራል፣ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ እንቅልፌ ይመጣል። ማታ ምንም ሳልሠራ ድክም ብሎኝ ነው ቤት የምገባው። እባካችሁ ምከሩኝ።

ሲኒየሯ፦
እህቴ፣ ጥቅምት ላይ ምን እንዳስጨነቀሽ አስታውሺና ከእሱ ጀምሪ። እኛን በየዓመቱ የሚያሯሩጠን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ነው። ደንበኛው ሲከፍለን ለመንግሥት የሚገባውን ቅድመ ግብር ቀንሶ ያስቀራል፣ ደረሰኙን ግን አይልክም፣ ደረሰኙ ከሌለ ደግሞ ያን ገንዘብ ከትርፍ ግብሩ ላይ አታቀናንሺውም፣ ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። አሁን ፋይሉን ገልብጪና ማን እንዳልላከ ለይተሽ አውጪ። እሱ ሲያልቅ ባንክ ማስታረቂያ ላይ (መዝገባችንን ከባንኩ ጋር ስናመሳክር) የተንጠለጠሉ፣ ማለትም ተጽፈው ከባንክ ያልወጡ ቼኮች አሉልሽ።

ኤክሴል ወዳድ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ለራስሽም የሚሆን ያዢ። ፒቮት ቴብል (ኤክሴል ላይ ብዙ ዳታ በአጭሩ ደምሮ የሚያሳይ ሰንጠረዥ) በራስሽ የሽያጭ ዳታ ተለማመጂ፣ በቪዲዮ ከሚታየው ምሳሌ ይልቅ ቶሎ ይገባሻል። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የኦንላይን ሥልጠናም አለ፣ ነፃ ነው፣ ዳታ ላይ የሚያተኩር ኮርስ አለው፣ ስትጨርሺ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ብቻ አለቃሽን አስፈቅደሽ ይሁን፣ ተደብቆ የሚማሩት ነገር ልብ አያሳርፍም።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
የዓመት ፈቃድሽን ለምን አሁን አትወስጂም? በአዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሐምሌ ላይ ብትጠይቂ ማንም አይፈቅድልሽም። ገናና ጥምቀት አካባቢ ግን ሥራው ስለማይጎዳ እሺ የማለት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ፕሮግራሙን የሚያወጣው አሠሪው ስለሆነ ቀደም ብለሽ በጽሑፍ አስገቢ።

የመንግሥት ሠራተኛ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አለቃሽ ጋ ገብተሽ «ሥራ የለኝም» እንዳትዪ። ይህን ያለች ጓደኛችን ሌላ ክፍል ተመደበችና እስካሁን ታዝናለች። «ይሄን ልሥራ ወይ?» ብለሽ ግቢ። ደግሞ ከወንበርሽ ተነሺ በናትሽ፣ ወረቀቱን ራስሽ መዝገብ ቤት አድርሺ፣ ሻይሽን ከሰው ጋር ጠጪ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ ነው የሚያደክመው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! የዊዝሆልዲንጉን ነገር ለአለቃዬ ነገርኳት፣ ደስ ብሏት ዝርዝሩን አምጪ አለችኝ። ደንበኞቹ ጋ ስደውል ግን «እንልካለን» ብለው ዝም ይላሉ። ምን ይሻላል?

ሲኒየሯ፦
ዕቃ ከሚገዛው ሰውዬ ጋር አትድከሚ፣ የሒሳብ ክፍላቸውን ስልክ ተቀበይ። የከፈሉበትን ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥራችሁንና የቀነሱትን ብር በሰንጠረዥ አድርገሽ ላኪላቸው፣ ፈልገው እንዲያገኙ አትጠብቂ። ቢሯቸው ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሄደሽ ተቀበይ። ትልልቁን ብር አስቀድሚ።