የአሰልጣኛችንን የተጫዋች ዝውውር በምን ልመዝን? (ድሬዳዋ)

ጥያቄ፦ የለገሃሬ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ትንሽ የቅርጫት ኳስ ቡድን ኮሚቴ አባል ነኝ። አሰልጣኛችን ከመጣ ሁለት ዓመት ሞላው። እስካሁን አራት ልጆች አስፈርሟል፣ ሁለት አሰናብቷል። ከሁሉም ያነጋገረው ግን አንድ ቅያሬ ነው። ነባሩን ጋርዳችንን (ኳስ ይዞ ወደ ፊት የሚያወጣውን) ለሌላ ሰፈር ቡድን ሰጥቶ በምትኩ ረጅም ሴንተር (ቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወት) አመጣ። ጋርዱ እዚሁ እጃችን ላይ ያደገ ልጅ ስለሆነ ሰፈሩ እስካሁን አልበረደለትም። በዚያ ላይ ዘንድሮ ከአምናው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለን ጨረስን።

ኮሚቴው "ዝውውሮቹን ገምግመህ እሁድ አቅርብ" ብሎኛል። በየሻይ ቤቱ የምሰማው ወይ "ይባረር" ወይ "እንዳይነካ" ነው። ሰውየው ከልቡ የሚለፋ አሰልጣኝ ነው። በወሬ እንዲፈረድበት አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የድሮ ጋርድ፣ ከዚራ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማን እንደወሰነ ለይ። ያሰናበታችኋቸው ሁለት ልጆች በአሰልጣኙ ፍላጎት ነው የሄዱት ወይስ ገንዘብ ስላጠረ? ኮሚቴው የወሰነውን በእሱ ሒሳብ አትጻፍበት። በኤንቢኤ (በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋች የሚገዛውና የሚሸጠው ጀነራል ማናጀሩ ነው። ዳላስ በየካቲት 2025 (በፈረንጆቹ) ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን ሲወስድ አሰልጣኙ ጄሰን ኪድ ነበር። ውሳኔው ግን የጀነራል ማናጀሩ የኒኮ ሃሪሰን ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከሥራው የተነሳውም ሃሪሰን ነው።

መልስ፦ ሌሊት 9 ሰዓት

እኔ ኤንቢኤን ለማየት እንቅልፌን የማጣ ሰው ነኝና ከዚያው ልንገርህ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ላንተ የሚጠቅሙህ ማሠልጠኑንም ዝውውሩንም አንድ ላይ የያዙ ሰዎች ናቸው።

ስታን ቫን ጋንዲን ውሰድ። ከ2014 እስከ 2018 ዲትሮይትን አሠልጥኗል፣ ዝውውሩንም መርቷል። በጥር 2018 ብሌክ ግሪፈንን አመጣ። ቶባያስ ሃሪስን፣ ኤቨሪ ብራድሊንና የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ (አዲስ ወጣት ተጫዋች የመምረጥ ተራ) ሰጠ። የግሪፈን ውል የአምስት ዓመት ነበር፣ 171 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ቡድኑ በዚያ ዓመት ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፉ ምዕራፍ) ሳይገባ ቀረ፣ ቫን ጋንዲም ግንቦት ላይ ተሰናበተ። በቀጣዩ ዓመት ግሪፈን በጨዋታ በአማካይ 24.5 ነጥብ አስቆጥሮ ዲትሮይትን ፕሌይኦፍ አስገባ። ከዚያ ጉዳት ደጋገመው፣ በ2021 ውሉን አፍርሰው ተለያዩ። እንግዲህ ይህን ቅያሬ በ2018፣ በ2019 እና በ2021 ብትመዝነው ሦስት የተለያየ ፍርድ ታገኛለህ።

የሚኒሶታው ቶም ቲቦዶም እንዲሁ ሁለቱንም ይዞ ነበር። ሚኒሶታ በ2017 ጂሚ በትለርን አመጣ። በ2018 ቡድኑ ከ14 ዓመት በኋላ ፕሌይኦፍ ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር በትለር ሄደ፣ በጥር ደግሞ ቲቦዶ ተነሳ። በትለርን ለማምጣት ከሰጧቸው አንዱ ዛክ ላቪን ነው። በኋላ ኦልስታር (ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) ሆነ።

ከዚያ በተቃራኒ ሳን አንቶኒዮን ተመልከት። አሰልጣኙ ፖፖቪች ተጫዋቹን ጆርጅ ሂልን በጣም ይወደው ነበር። በ2011 ግን ለኢንዲያና ሰጥተውት በምትኩ በድራፍቱ በ15ኛ ምርጫ የተያዘውን ካዋይ ሊዮናርድን ወሰዱ። በ2014 ሊዮናርድ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ሆነ። የሚወዱትን ልጅ መስጠት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዝውውር ይህን ጠይቅ፦ በዚያ ቀን ምን ይታወቅ ነበር? ልጁ ተጎድቶ ያውቅ ነበር? ቡድኑ ምን ጎድሎት ነበር? ሌላ ማን ይገኝ ነበር? በኋላ የመጣ ጉዳት የአሰልጣኙ ጥፋት አይደለም። የታወቀ ጉልበት ሕመም ያለበትን አስፈርሞ ከሆነ ግን ይጠየቅበታል።

መልስ፦ ነጥብ መዝጋቢዋ

ደረጃውን ተወው። ሴንተሩ ሜዳ ላይ ሲኖርና ሳይኖር ምን ሆነ? ምሳሌ ልስጥህ። ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፣ 78 ለ 60 ተሸነፋችሁ እንበል። ሴንተሩ በተጫወተበት 25 ደቂቃ 40 አስቆጥራችሁ 46 ገባባችሁ። በወጣበት 15 ደቂቃ 20 አስቆጥራችሁ 32 ገባባችሁ። ሰዉ "በሴንተሩ ተሸነፍን" ይላል። ወረቀቱ ግን ችግሩ እሱ ሲወጣ እንደሆነ ያሳያል።

አንድ ነገር ልብ በል። መደበኛው የነጥብ ወረቀት ተቀያሪ መጀመሪያ ሲገባ ብቻ ነው ምልክት የሚደረግበት። ከዚያ በኋላ የወጣና የገባበትን አታገኝም። በስልክ የተቀረጸ ጨዋታ ካለ ከእሱ ቁጠር። በሁለት በሦስት ጨዋታ ደግሞ አትፍረድ።

የለገሃሬ ልጅ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስድስት ጨዋታ ቪዲዮ አለን። ሁለቱን ዛሬ ቆጠርኩ። ሴንተሩ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ይወስዳል፣ ከእሱ በኋላ ግን ኳሱን ወደ ፊት የሚያወጣልን የለም። መሃል ሜዳ ሳንደርስ ይነጥቁናል። ከተፈረሙት አንዱ ደግሞ የሐረር ልጅ ነው፣ ልምምድ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

መልስ፦ የድሮ ጋርድ፣ ከዚራ

በቃ፣ አገኘኸው እኮ። ሴንተሩ መጥፎ ተጫዋች አይደለም። ጋርዱ ሲሄድ ቦታውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው ያልታሰበበት። ሁለቱን ለያይተህ ጻፍ። አንዱ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ሌላው የእቅድ።

የሐረሩን ልጅ በተመለከተ ለእሱም ፍረዱለት። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወርዶ። እኛ ደግሞ ፀሐዩ ስለማያስችል ከ10 ሰዓት በፊት ልምምድ አንጀምርም። ሲጨርስ ይመሽበታል። ሲፈርም የትራንስፖርቱን ነገር ማን ተነጋገረ? አሰልጣኙ ጠይቆ ኮሚቴው ዝም ብሎ ከሆነ፣ እሱንም በሪፖርቱ ላይ ጻፈው።

መልስ፦ ነጥብ መዝጋቢዋ

ከእሁድ በፊት አሰልጣኙን ለብቻው አግኘው። "ይህን ልጅ ስታመጣ ምን አስበህ ነበር?" በለው፣ የሚልህን በራሱ ቃል ጻፍ። ቪዲዮውንም አብራችሁ እዩት። ጋርዱ ከሄደ በኋላ ኳስ ይዞ የሚወጣ ልጅ ጠይቆ የተከለከለ እንደሆነ ያኔ ይነግርሃል።

የለገሃሬ ልጅ

ነገ ከልምምድ በኋላ ቀጥሬዋለሁ። የቀሩትን አራት ቪዲዮዎች ዛሬ ማታ እጨርሳለሁ።